ከኮርቻ ሥር ያለችው ቦርሳ፦ ለቱብለስ ጎማ ምን ልያዝ?

ሰኞ ማታ

ጠረጴዛው ላይ የዘረገፍኩት ዕቃ ግማሹ ከድሮው ብስክሌቴ የተረፈ ነው። መለጠፊያ ከነማስቲሹ፣ የፕላስቲክ ጎማ ማላቀቂያ፣ ቫልቮላው ለአሁኑ ቸርኬ የሚያጥር ካላማዳሪያ። ግማሹ ደግሞ ወደ ቱብለስ ከዞርኩ ወዲህ ከዚህም ከዚያም የተጠራቀመ ነው። ውታፍ፣ የጋዝ ካርትሪጅ (ጎማ የሚነፋበት የታመቀ ጋዝ የያዘች ትንሽ ቆርቆሮ)፣ ትንሽ የሲላንት ጠርሙስ። ሁሉም ይጠቅማል ተብሎ የተገዛ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ግን ቦርሳዋ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ቦርሳዋን ከባዶ ልጀምራት ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ቤት ውስጥ በእጄ ሞክሬው ያልሠራልኝ ዕቃ አይገባም። ለሙከራው ያረጀ የ28 ሚሊ ሜትር ጎማ በትርፍ ቸርኬ ላይ ገጥሜ፣ 40 ሚሊ ሊትር ሲላንት ጨምሬ፣ 5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ነፍቼዋለሁ። ይኼ ጎማ አይተርፍም። ይበሳል፣ ይቀደዳል፣ ይወተፋል፣ እንደገና ይበሳል።

ቱብለስ ላልያዘ ሰው ባጭሩ፦ ካላማዳሪያ የለም። የጎማው ጠርዝ ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል፣ የራጂዎቹ ቀዳዳ በቴፕ ይታሸጋል፣ ውስጡ ደግሞ ሲላንት የሚባለው ፈሳሽ ይንቦጫረቃል። አብዛኛው ሲላንት ላቴክስ ነው፤ ደቃቅ ቅንጣትም አለበት። ጎማው ሲበሳ ንፋሱ ፈሳሹን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል። ቅንጣቱ ቀዳዳው ላይ ይጠራቀማል፣ ላቴክሱ ይረጋል፣ ያልቃል። ብዙ ጊዜ መበሳቱን የምታውቁት ቤት ገብታችሁ ጎማው ላይ የደረቀ ነጭ ነጠብጣብ ስታዩ ነው።

ቦርሳው የሚያስፈልገው ይኼ ሳይሆን ሲቀር ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ የብስ ቀን ነበር። መጀመሪያ ቀጭን ሚስማር። ስነቅለው ፉጨት፣ ቀጥሎ የነጭ ፈሳሽ ብናኝ፣ ቀጥሎ ዝም። ጎማው ከንፋሱ ትንሽ ነው ያጣው። እዚህ ላይ የምለው የለኝም፤ ሲላንቱ ለዚህ ነው የተሠራው።

ወፈር ያለ ሚስማር ግን ሌላ ታሪክ ነው። የመንገድ ብስክሌት ጎማ ጠባብ ነው፣ ግፊቱም ከተራራ ብስክሌት በእጥፍና ከዚያ በላይ ይበልጣል። ሲላንቱ ለመርጋት ጊዜ ይፈልጋል፤ በ5 ባር የሚወጣ ንፋስ ጊዜ አይሰጠውም። የረጋውን ራሱ ጠርጎ ይዞት ይወጣል። ጌጁን እያየሁ ጠበቅሁ። ወርዶ ወርዶ ወደ 3 ባር ሲጠጋ ፉጨቱ ቀነሰ፣ አረፋ ሆነ፣ ቆመ። ይኼን በዓይን ማየት ጥሩ ነው። መንገድ ላይ ጎማው ሲለሰልስ ብዙ ሰው «አበቃለት» ይላል። አላበቃለትም፤ ሊዘጋ ሲል ነው እንጂ። እዚያ ላይ ትንሽ ጠብቆ፣ በመጠኑ ነፍቶ፣ በዝግታ ቤት መግባት ይቻላል። ነፍቶ ወደ ሙሉ ግፊት መመለስ ግን የረጋውን ሲላንት ማስፈንጠር ነው። ሞክሬው ነበር፤ ሸሚዜ ምስክር ነው።

ሌላው ነገር የቀዳዳው አቀማመጥ ነው። ፈሳሽ ሁልጊዜ ከታች ነው የሚጠራቀመው። ብስክሌቱን አቁማችሁ ቀዳዳው ከላይ ከሆነ ሲላንቱ አይደርስበትም፤ ንፋስ ብቻ ነው የሚወጣው። ጎማውን አዙሮ ቀዳዳውን ወደ ታች ማድረግ፣ ከዚያ ብስክሌቱን ወደ ጎን ጋደል ማድረግ። ምንም ዕቃ አይጠይቅም፣ ቦርሳም አያስከፍትም። እኔ ብሆን ለጀማሪ ከሁሉ በፊት የማስተምረው ይኼን ነው።

በቢላ ጫፍ የተቀደደውን ግን ሲላንቱ ጭራሽ አልቻለውም። እስከ ቸርኬው ባዶ ሆነ። ስለዚህ ወደ ውታፍ።

ረቡዕ

ውታፍ ማለት ሙጫ የጠጣ የላስቲክ ገመድ ነው። ወስፌ በመሰለ መሣሪያ ቀዳዳው ውስጥ ይሰገሰጋል፣ መሣሪያው ይመዘዛል፣ ገመዱ እዚያው ይቀራል። የመኪና ጎማ ሲወተፍ ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ልዩነቱ ውፍረቱ ነው። ለብስክሌት በብዛት የሚገኘው በ1.5 ሚሊ ሜትርና በ3.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ነው። ለመንገድ ጎማ ቀጭኑ ይሻላል ሲባል እሰማ ነበር። ከሞከርኩ በኋላ ሁለቱንም እይዛለሁ። ለሚስማር ቀዳዳ ቀጭኑ ይበቃል። ለስንጥቅ ግን ቀጭኑ ይዋልላል፤ ወፍራሙ ነው የሚይዘው።

መሣሪያ በመሣሪያ ይለያያል። ከውታፉ ጋር በነፃ የመጣችው የፕላስቲክ እጀታ ያላት ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነችብኝ። የመንገድ ጎማ መሐሉ ላይ መበሳትን የሚከላከል ሽፋን አለው፣ ይኼ ሽፋን ጠንካራ ነው፣ እጀታዋም ታጠፈች። ወጣች። ጠንካራ የብረት እጀታ ያላትን ነው ያስቀረሁት። ገመዱ ቀድሞ ተሰክቶባት የምትጠብቅ በመሆኗ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም የመንገድ ጎማ ንፋስ ትንሽ ነው። ቀዳዳውን ካገኛችሁ በኋላ ገመድ በመሣሪያው ጫፍ ቀዳዳ ለማሾለክ ስትታገሉ ንፋሱ ያልቃል። ንፋሱ ባለቀ ቁጥር ደግሞ ውታፉን ማስገባት ይከብዳል፤ ወደ ውስጥ ይታጠፋል እንጂ አይበሳም።

አሠራሩን በቅርብ ላሳያችሁ። ስንጥቁን በአውራ ጣት ከዘጋሁ በኋላ መሣሪያውን ከጣቴ ሥር አስገባሁት። በቀጥታ፣ ሳላዞር። ሁለቱ የገመድ ጫፎች በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀሩ ቆምኩ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ መዘዝኩት። እያመነታ የሚመዝ ገመዱን ይዞት ይወጣል። ገመዱ ዙሪያ ነጭ አረፋ ፈላ፣ ከዚያ አረፋው ወደ ጥቃቅን ፊኛ ተለወጠ፣ ፊኛዎቹ እየዘገዩ መጡ፣ የመጨረሻዋ ሳትፈነዳ ቆየች። ሲላንቱና ገመዱ ተያያዙ ማለት ነው። ገመዱ ብቻውን አይዘጋም፤ ሲላንቱም ብቻውን አይዘጋም።

የተረፈውን ጫፍ አልቆርጠውም። ቆርጦ ከጎማው እኩል ማድረግ ያምራል፣ ግን ወደ ውስጥ የመግባት ዕድሉን ያሰፋል። መንገዱ ራሱ ይፈጨዋል።

ጫፉ ላይ ናስ ያለው ዳይናፕለግ የሚባለውንም ሞክሬዋለሁ። ለማስገባት ከሁሉም ይቀላል፤ ይኼን ልክድ አልችልም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በኋላ ካላማዳሪያ ማስገባት ግድ ከሆነ ያቺ የናስ ጫፍ ጎማው ውስጥ ተቀምጣ ካላማዳሪያውን ትጠብቀዋለች። መጀመሪያ መንቀል ያስፈልጋል።

ሐሙስ

የንፋስ ጉዳይ። ዛሬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነው የተቀመጥኩት፤ ምክንያቱም ስለ ካርትሪጅ የሚወራው ሁሉ ግምት ይመስለኛል።

የ28 ሚሊ ሜትር ጎማ ውስጡ በግምት 1.3 ሊትር ይይዛል። 16 ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በተራ የአየር ሙቀትና ግፊት ወደ 8.7 ሊትር ይሆናል። አካፍሉት፤ ከ6 ባር ተኩል በላይ ይመጣል። ጠርዙ መንጠቆ የሌለው፣ ሁክለስ የሚባለው ቸርኬ ደግሞ ከፍተኛ ግፊቱ 5 ባር ነው። ስለዚህ ሁክለስ ቸርኬ የያዘ ሰው የ16 ግራሙን ካርትሪጅ ሙሉ በሙሉ ካራገፈው ከገደቡ ያልፋል። የ12 ግራሙ ወደ 5 ባር ግድም ይሰጣል። እንግዲህ ትልቁ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። የኔ ቸርኬ ሁክለስ ነው፤ የያዝኩት የ12 ግራሙን ነው።

መንፊያውንም በዚሁ ሒሳብ አየሁት። በአንድ ግፊት 25 ሚሊ ሊትር የምትሰጥ የኪስ መንፊያ ያንን ጎማ ከባዶ 5 ባር ለማድረስ ቢያንስ 260 ጊዜ መገፋት አለባት። ክንድ ይቃጠላል፣ ግን መንፊያ አያልቅም። ካርትሪጅ አንዴ ከለቀቀ ለቀቀ ነው።

ታዲያ መንፊያ ካለ ካርትሪጅ ለምን? ለአንድ ነገር ብቻ፦ የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ላይ ከለቀቀ። ጠርዙን መልሶ ቦታው ላይ ለማስቀመጥ ንፋስ በአንድ ጊዜ ግፍትር ብሎ መግባት አለበት። የኪስ መንፊያ ያንን አይችልም፤ ከታች ስትነፉ ከጎን ይወጣል። ካርትሪጅ ይችላል። ቤት ውስጥ ሞከርኩት። ጧ! ጧ! አለና ተቀመጠ። ካርትሪጁ ላይ ወዲያው በረዶ ጋገረ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ጋዝ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ሙቀት ይመጥጣል፤ በባዶ እጅ የያዘው ሰው ቆዳው ይለጠፍበታል። ጨርቅ ወይም የካርትሪጅ ልባስ የግድ ነው።

ቅዝቃዜው ለሲላንቱም ጥሩ አይደለም። አንዳንድ ላቴክስ በቀጥታ ሲነፋበት ይረጋል። ስለዚህ ቫልቮላውን ወደ ላይ አድርጎ፣ ፈሳሹ ወደ ታች እስኪወርድ ጠብቆ መልቀቅ። በተጨማሪም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላስቲክ ውስጥ ከተራ አየር በበለጠ ፍጥነት ሰርጎ ይወጣል። ማታ በካርትሪጅ የተነፋ ጎማ ጠዋት ለስልሶ ቢገኝ ተበሳ ማለት አይደለም። አስወጥቶ በተራ አየር መንፋት ነው።

በባትሪ የሚሠሩት ትንንሽ መንፊያዎችም አሉ፤ የሚወዳቸው ብዙ ነው። እኔ ቻርጅ ማድረግ ያለብኝ ዕቃ በቅቶኛል። መብራት፣ ስልክ፣ የልብ ምት መቁጠሪያ... ይብቃ።

ሐሙስ፣ አመሻሽ ላይ

ስለ ቫልቮላ ባጭሩ። ውስጡ ያለው የሚፈታ መርፌ በደረቀ ላቴክስ ይደፈናል። ያኔ መንፊያው ይከብዳል፣ ጌጁ ይዋሻል፣ ሰው መንፊያውን ይረግማል። አንድ ትርፍ መርፌና መፍቻ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከሳንቲም ብዙም አይከብዱም። ገቡ። ትንሿ የሲላንት ጠርሙስም የምትጨመረው በዚሁ መርፌው በተፈታበት በኩል ነው። ጠርሙሷ ለአጭር ጉዞ አትገባም፤ ሙሉ ቀን ለሚፈጅ ብቻ።

ቅዳሜ

ከሁሉም የፈራሁት ቀን፦ ካላማዳሪያ ማስገባት። ስንጥቁ ውታፍ ከማይችለው በላይ ከሆነ ወይም የጎማው ጎን ከተቀደደ የመጨረሻው መንገድ ይኼው ነው። ብዙ ሰው ካላማዳሪያውን ይይዛል፣ ሥራውን ግን ሞክሮት አያውቅም።

መጀመሪያ የቱብለሱ ቫልቮላ መውጣት አለበት። ከቸርኬው በኩል የሚጠብቅ ክብ ዳዶ አለው። ይኼ ዳዶ በፒንሳ ከጠበቀ መንገድ ላይ በጣት አይፈታም። በጣት ብቻ ነው መጥበቅ ያለበት፤ ለማሸግ ያ ይበቃዋል። ዛሬ በሁለቱም ጎማዎቼ ላይ ፈታኋቸው፣ ጸዱ፣ በጣት ተመለሱ። የፒንሳ ጉዳይ ተዘጋ፣ ፒንሳም አልይዝም።

ቀጥሎ ጠርዙን ማላቀቅ። የቱብለስ ጠርዝ ግትር ነው። ዘዴው ጉልበት አይደለም። ጎማውን ዙሪያውን በሁለት አውራ ጣት እየገፉ ጠርዙን ወደ ቸርኬው መሐል፣ ወደ ጎድጓዳው ማስገባት ነው። መሐሉ ከጠርዙ ይልቅ ዙሪያው ያነሰ ስለሆነ እዚያ ሲገባ ትርፍ ልቅነት ይገኛል። ያንን ልቅነት በእጅ እየሰበሰቡ ወደ አንድ በኩል ካመጡት አንድ የፕላስቲክ ማላቀቂያ ብቻውን ይበቃል። ሲመለስም እንደዚያው፦ የመጨረሻው ክፍል አልገባ ሲል በማላቀቂያ ከመታገል ተቃራኒውን በኩል ወደ ጎድጓዳው መግፋት። ቢያንስ ሦስት ሰው ይኼን ሳያውቅ ማላቀቂያ ሲሰብር አይቻለሁ።

ከዚያ የሚረሳው ነገር መጣ። ጎማው ውስጥ እጄን አልሰደድኩም፤ በጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁ ያዘ። አየሁት፦ እሾህ። ትንሽ ወዲያ ሌላ። ከሱ አልፎ የብርጭቆ ስባሪ። ቱብለስ ጎማ የተወጋውን ሁሉ አሽጎ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ባለቤቱም አያውቅም። ካላማዳሪያ በዚያ ላይ ማስገባት ማለት ከአንድ ቀዳዳ ወደ ብዙ ቀዳዳ መሸጋገር ነው። ሁሉንም ከውጪ በኩል እየገፋሁ፣ ከውስጥ በጥፍር እየለቀምኩ አወጣሁ። ጊዜ ይወስዳል። ችኮላ እዚህ ቦታ የለውም። ጨርቅ ቦርሳ ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስስ የላስቲክ ጓንትም አብሮት። ላቴክስ እጅ ላይ ከደረቀ መሪ ላይ የተጠቀለለውን ቴፕ ያበላሻል።

ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ከውስጥ መደገፊያ ያስፈልጋል። የተሸጠውን አልገዛሁም። ከአሮጌ ጎማ ስስ ጎን ላይ እንደ ተምር የረዘመ ቁራጭ ቆርጬ ጠርዙን በመቀስ አሳሳሁት። ከስንጥቁ በየአቅጣጫው አንድ ሴንቲ ሜትር ካለፈ ይበቃል። ያለሱ ካላማዳሪያው በስንጥቁ በኩል አብጦ ይወጣና ይፈነዳል።

ካላማዳሪያውን በተመለከተ ቲፒዩ ከሚባል ስስ ፕላስቲክ የተሠራውን መረጥኩ። ተራው የላስቲክ ካላማዳሪያ 100 ግራም አካባቢ ነው፤ ቲፒዩ ከ25 እስከ 40 ግራም። ሲታጠፍ ደግሞ ከጡጫ ያንሳል። ጣጣ የለውም አልልም፦ ሳይገጠም ከመጠን በላይ ከተነፋ ተለጥጦ ይቀራል፣ በተራ ማስቲሽም አይለጠፍም። ለአንድ ጊዜ ቤት ማድረሻ ግን ይሆናል። የቫልቮላውን ቁመት ከቸርኬው ጥልቀት ጋር ለካሁት፤ 60 ሚሊ ሜትር ያስፈልገኛል።

እሑድ፣ ከሰዓት

አስተሻሸግ። ቅደም ተከተሉ መንገድ ላይ በሚፈለግበት ነው፦ ውታፏ ቦርሳ ውስጥ ጭራሽ የለችም፣ የብስክሌት ማሊያዬ ኪስ ውስጥ ነች። ሰከንድ የሚቆጠርባት ብቸኛ ዕቃ እሷ ናት። መንፊያዋ ከውሃ መያዣው ጎን ታስራለች። ቦርሳው ውስጥ ከላይ መርፌና መፍቻው፣ ካርትሪጇ ከነልባሷ። ከታች ማላቀቂያው፣ መደገፊያው፣ ካላማዳሪያው በጨርቁ ተጠቅልሎ።

መጠቅለሉ ለጽዳት ብቻ አይደለም። መንገዱ ቦርሳውን ቀኑን ሙሉ ይንጠዋል፤ ካላማዳሪያው ከብረት ጋር ሲፋተግ ሳይወጣ ይበሳል። ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ነገር ቦርሳ ውስጥ ሞቶ መገኘት የባሰ ነው። ማስቲሹና የድሮው መለጠፊያ ወጡ። ትልቋ ካርትሪጅም ወጣች። ዚፑ ሳይጎተት ተዘጋ።

ሌላ እሑድ

ከጓደኛዬ ጋር ረጅም ጉዞ ላይ ነበርን። ከኋላዬ ፉጨት ሰማሁ፤ የሱ ጎማ ነው። ነጭ ብናኝ የኋላ ጎማውን ጠርዝ አልፎ እግሩ ላይ ይረጫል። ገና ሳይቆም ካርትሪጁን ከኪሱ አወጣ።

«ቆይ እስቲ፣ አንተ ደግሞ! መጀመሪያ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገው።»

«ንፋሱ እያለቀ እኮ ነው።»

«ይለቅ፤ ሲወርድ ነው የሚዘጋው።»

አዞርነው፣ ጋደል አደረግነው፣ ጠበቅን። አልዘጋም። አረፋው ውስጥ ስናይ ስንጥቅ ነው፣ ጥርት ያለ፣ የብርጭቆ ይመስላል። ጣቴን አስቀምጬ ቀጭኑን ውታፍ አስገባሁ። ዋለለ። ወፍራሙን አጠገቡ ጨመርኩ፤ ሁለቱ ተጣብቀው ያዙ። ወደ 2 ባር ገደማ ቀርቶት ነበር፤ ጠርዙ አልለቀቀም። ስለዚህ ካርትሪጅ አላስፈለገም። በመንፊያዋ ተራ በተራ እየነፋን 4 ባር አደረስነው። እሱ እየነፋ ሲራገም እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር፤ ጎማው የሱ ነው።

ውታፉ ቤት እስኪገባ ያዘ። ቢሆንም እዚያ ማቆም የለበትም። ጎማው ሲወልቅ ገመዱን ከውስጥ በኩል እኩል ቆርጦ፣ ዙሪያውን ከላቴክስ አጽድቶና ፍቆ፣ ከውስጥ በማስቲሽ መለጠፍ ይቻላል። ከጠረጴዛው ያባረርኩት የድሮ መለጠፊያ ሥራ አገኘ፤ ቦታው ቤት ነው።

ማታ

ውታፏን እንደገና ጎርሳ እንድትጠብቅ አድርጌ ኪሴ ውስጥ መለስኳት። የኔ የኋላ ጎማ ሲላንት ከገባ ወራት አልፎታል። የሲላንት ውሃ ቀስ በቀስ ይተናል፤ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ መታየት አለበት፣ በሞቃት ወቅት ደግሞ ቶሎ። ነገ ጎማውን አስተንፍሼ መርፌውን ፈትቼ፣ በቫልቮላው በኩል ቀጭን የፕላስቲክ ማሠሪያ አስገብቼ እለካዋለሁ። እርጥብ ሆኖ ከወጣ 20 ሚሊ ሊትር እጨምራለሁ። ደርቆ ከወጣ ጎማው ይወልቃል፣ የረጋው ይላጣል፣ አዲስ 40 ይገባል። ቀኑንም ቸርኬው ላይ በጠቋሚ እስክሪብቶ እጽፈዋለሁ።